አፌን በዳቦ አብሱ፦ የአንድ አኒሜሽን መመረቂያ ፕሮጀክት ጉዳይ

እማማ ስልኩን ከፊታቸው ራቅ አድርገው ያዙት። ቪዲዮው አርባ ሰከንድ ነው። አንዲት አሮጊት በርጩማ ላይ ተቀምጣ ተረት ታወራለች። ድምፁ የራሳቸው የእማማ ነው። አንዴ አዩት። "ድገሚው" አሉኝ። ደገምኩት።

"ይቺ ሴትዮ ፈረንጅ ናት እንዴ?"

"ኧረ እማማ፣ እርስዎ እኮ ነዎት!"

"ድምፁስ የኔ ነው። አፏ ግን ሌላ ነው የሚያወራው። ልክ እንደ ቱርክ ድራማ።"

ሰባ ደረጃ አጠገብ ካለው ቤታቸው ወጥቼ እስከ ራስ መኮንን ድልድይ በእግሬ ሄድኩ። ታክሲ መያዝ አላሰኘኝም። የሁለት ወር ልፋታችንን ውሃ በላው። ይባስ ብሎ እማማ ትክክል ነበሩ። አማካሪያችን ያንኑ ቪዲዮ አይተው "ጥሩ ነው፣ ቀጥሉ" ብለውን ነበር።

አራት ነበርን። ሦስታችን መሀል አዲስ አበባ ባለ አንድ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ሳይንስ የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች ነን። አራተኛው ሥዕል የሚማር የሰፈር ልጅ ነው። ስሙ ፕሮፖዛሉ ላይ የለም። ያለ እሱ ግን ገጸ ባህሪያችን ድንች ትመስል ነበር። ሐሳባችን ቀላል ነበር። የሁለት ደቂቃ ስሪ ዲ አኒሜሽን እንሠራለን። አንዲት አያት ከሰል ምድጃ አጠገብ ተቀምጣ "ተረት ተረት" ትላለች፤ ልጆች "የላም በረት" ይላሉ፤ ተረቱ ይነገራል፤ "ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ" ብላ ትጨርሳለች። በቃ። በወረቀት ላይ ሲታይ የሦስት ሳምንት ሥራ ይመስላል።

ኮምፒውተር ግራፊክስ እኛ ጋ የአንድ ሴሚስተር ኮርስ ነው። ብሬዘንሃም እ.ኤ.አ. በ1962 አይቢኤም ኩባንያ ውስጥ የቀመረውን የመስመር አሣሣል ተምረናል። ነገርን ማዞር፣ ማስፋትና ማንቀሳቀስ በአራት በአራት ማትሪክስ (የቁጥር ሰንጠረዥ) እንደሚሠራ ተምረናል። ፎንግ በ1975 ያወጣውን፣ አንጸባራቂ ነገር ላይ ብርሃን እንዴት እንደሚያርፍ የሚያሰላውን ቀመር ሸምድደናል። ማርቲን ኒውዌል በዚያው ዓመት በቁጥር የገነባውን የሻይ በራድም አይተናል። የዓለም የግራፊክስ ተማሪ ሁሉ ከዚያ በራድ ጋር ሳይተዋወቅ አይመረቅም። የኛ መምህር "በራዱን ተዉትና ጀበና ሥሩ" አሉን። ይህን ሁሌም አመሰግናቸዋለሁ። የጀበና ሆድ ቀላል ነው፤ ግማሽ ቅርጹን ሣል፣ በዘንጉ ዙሪያ አዙረው፣ አለቀ። እጀታውና አፉ ላይ ስትደርስ ግን ያ ሁሉ የማዞር ሒሳብ አይሠራም። እዚያ ጋ በእጅ ነው የምትገባው።

ፊት እንዴት እንደሚናገር ግን አልተማርንም። አንድ ሴሚስተር ስለሆነ አልፈርድም። ግን አንድ ነገር ልበል። በ1972 ኤድ ካትመል የገዛ እጁን በኮምፒውተር አንቀሳቀሰ። በዚያው ዓመት ፍሬደሪክ ፓርክ የሰው ፊት አንቀሳቀሰ። ሁለቱም፣ ፎንግም፣ ኒውዌልም የነበሩት ዩታ ዩኒቨርሲቲ ነው። ሒሳቡም ፊቱም ከአንድ ቤት ነው የወጣው። እኛ ጋ ሒሳቡ አንድ ግቢ፣ ሥዕሉ ሌላ ግቢ ነው። ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም ያቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ከአራት ኪሎ በእግር የሚደረስ ነው። ኮድ የሚጽፈውና ሥዕል የሚሥለው ተማሪ ግን የሚገናኙት ክፍል ውስጥ ሳይሆን ማኪያቶ ላይ ነው። የኛም ቡድን የተመሠረተው እንደዚያ ነው።

የመጀመሪያው አፍ

የሠራነው ብሌንደር በሚባል የአኒሜሽን ፕሮግራም ነው። ነፃ ነው፤ ለተማሪ ሌላ ምክንያት አያስፈልገውም። ለአፉ ደግሞ ሩባርብ የሚባል ሌላ ነፃ ፕሮግራም አገኘን። የድምፅ ፋይል ትሰጠዋለህ፣ የትኛው ቅጽበት ላይ የትኛው የአፍ ቅርጽ እንደሚመጣ ዝርዝር ይሰጥሃል። መሠረታዊ ቅርጾቹ ስድስት ናቸው። እኛም በገጸ ባህሪያችን ፊት ላይ ስድስት ቅርጽ ሠርተን አገናኘናቸው። አርባ ሰከንዱ በአንድ ከሰዓት አለቀ። ደስ ብሎን ጥብስ በላን።

ችግሩ በኋላ ነው የገባን። ፕሮግራሙ ዝም ብለህ ስታስነሳው የሚሠራው ንግግሩን እንደ እንግሊዝኛ ለይቶ ነው። እማማ "ተረት ተረት" ሲሉ፣ የሚቀርበውን የእንግሊዝኛ ቃል ይፈልግና የዚያን ቃል አፍ ይሰጣል። ስለዚህ "ፈረንጅ ናት እንዴ?" የሚለው ቀልድ አልነበረም። ሴትዮዋ የእውነት በእንግሊዝኛ እየተገመተች ነበር። ለሌላ ቋንቋ የሚሆን፣ ድምፁን ብቻ የሚከተል አማራጭ አለው። ሞከርነው። ተሻለ እንጂ አልዳነም።

ፊደል ገበታው

መላው የመጣው ከሠዓሊው ነው። እማማ ቤት ግድግዳ ላይ የትንሹ የአጎቴ ልጅ ፊደል ገበታ ተለጥፏል። ሠዓሊው የስልኩን የፊት ካሜራ ከፍቶ "በ ቡ ቢ ባ ቤ ብ ቦ" እያለ ራሱን ያያል። መጀመሪያ ያበደ መስሎን ነበር። ከዚያ "ለ ሉ ሊ ላ" አለ። ከዚያ "ከ ኩ ኪ ካ"።

"እዩት እስኪ" አለ። "ካዕብ ላይ ሁሌም አፌ ይሾላል። ራብዕ ላይ ሁሌም ይከፈታል። ሳልስ ላይ ወደ ጎን ይለጠጣል። የአፍ ቻርት ምን ፍለጋ ነው ኢንተርኔት የምታስሱት? ይኸው ግድግዳ ላይ ተለጥፏል!"

እውነቱን ነው። ገበታው ወደ ታች ሲነበብ የአፍ ቅርጽ ነው። ሰባት ዓምድ፣ ሰባት አፍ። ወደ ጎን ሲነበብ ደግሞ አፉ እንዴት እንደሚጀምር ይነግርሃል። መ፣ በ፣ ፐ እና ጰ ሁለቱን ከንፈር ይገጥማሉ። ፈ እና ቨ የታች ከንፈርን ከላይ ጥርስ ጋር ያገናኛሉ። ሸ፣ ቸ፣ ጨ፣ ጀ እና ዠ ከንፈሩን ትንሽ ወደ ፊት ይገፋሉ። ወ እንደ ካዕብ ከንፈርን ያሾላል፤ የካዕብን ቅርጽ ሰጠነው። የቀሩት ሥራቸው ውስጥ፣ ምላስና ጉሮሮ ላይ ነው፤ ከውጭ ብዙም አይታዩም። ለአኒሜሽን ደግሞ የማይታይ ነገር እንደሌለ ይቆጠራል። ሰባት የአናባቢ ቅርጽ፣ ሦስት የተነባቢ ቅርጽ፣ አንድ የዝምታ ቅርጽ። አሥራ አንድ።

ኮዱ ደግሞ ከጠበቅነው በላይ ቀለለ። ኮምፒውተር ውስጥ ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር የሚሰጠው ዩኒኮድ በ1999 እ.ኤ.አ. ፊደላችንን ሲያስገባ የደረደረው እንደ ገበታው ነው። ለእያንዳንዱ ቤተሰብ ስምንት ቦታ አለ፤ ሰባቱ ለሰባቱ ድምፆች፣ ስምንተኛው በብዙዎቹ ላይ እንደ ሏ እና ቧ ላሉት። ሀ ቁጥሯ 4608 ነው፤ ለ8 እኩል ይካፈላል። ስለዚህ የማንኛውንም ፊደል ቁጥር ለ8 አካፍለህ ቀሪውን ብታይ ዓምዱን ታገኛለህ። ቦ 4710 ነው። ለ8 ሲካፈል 6 ይተርፋል። ከዜሮ ስትቆጥር 6 ሰባተኛው ነው፤ ሳብዕ። አንድ መስመር ኮድ! ይህን ያገኘንበት ማታ የኮምፒውተር ላቡ ውስጥ የጮህነው ጩኸት ጥበቃውን አምጥቶብናል።

ወዲያው ግን አመል ያላቸው ፊደሎች መጡ። ሀ እና አ በገበታው ግዕዝ ናቸው፤ ስንናገራቸው ግን ራብዕ ናቸው። ሐ፣ ኀ እና ዐም እንደዚያው። ለነሱ የተለየ ሕግ ጻፍን። ሳድስ ደግሞ አንዳንዴ ድምፅ አለው፣ አንዳንዴ የለውም። "ስም" ስትል ስ ላይ ትንሽ አናባቢ አለች፣ ም ላይ ምንም የለም። ስለዚህ ሳድስን ደካማ አደረግነው፤ የጎረቤቱን አፍ እንዲወርስ።

ቪዲዮውን ይዤ ተመለስኩ። እማማ ቡና እያፈሉ ነበር። አሁንም ሁለት ጊዜ አዩት።

"አሁን ሐበሻ ሆናለች።"

"ተመስገን!"

"ግን ምንድን ነው የምታኝከው? ማስቲካ ነው? ደግሞ ዳቦ ስትል አፏ አይሞላም።"

ሦስቱ በ

"አፏ አይሞላም" ምን ማለት ነው? ሦስት ቀን ተከራከርን። ዳቦ፦ ዳ ራብዕ ነው፣ አፍ ይከፈታል። ቦ ከንፈር ይገጥማል፣ ከዚያ ይሾላል። ሁሉም አለ። ምኑ ነው የጎደለው?

መጨረሻ ላይ እማማን ራሳቸውን ቀረጽናቸው። ነጠላቸውን አስተካክለው ካልለበሱ አይሆንም አሉ፤ ለከንፈር ብቻ ነው ብንላቸውም። ስልክ ከፊታቸው አቁመን "ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ" አስባልናቸው። አሥር ጊዜ። ከዚያ ቪዲዮውን ብሌንደር ውስጥ አስገብተን ፍሬም በፍሬም፣ ማለትም ምስል በምስል፣ ማየት ጀመርን።

እዚህ ላይ አንድ ቀን ሙሉ በከንቱ አቃጥለናል። ስልኩ የሚቀርጸው በሰከንድ 30 ፍሬም ነው። የኛ ፕሮጀክት 24 ነው። ሳናስተካክል ስላስገባነው ምስሉ ከድምፁ እየዘገየ ሄደ። በአሥር ሰከንድ ቪዲዮ ውስጥ 300 ፍሬም አለ፤ እኛ ጋ አሥር ሰከንድ ማለት 240 ነው። መጀመሪያ ላይ ልክ ነው፣ መሀል ላይ ይሳሳታል፣ መጨረሻ ላይ እማማ ዝም ብለው አፋቸው ያወራል። ቪዲዮውን ወደ 24 ቀይረን እንደገና ጀመርን። ይህን የሚያነብ ተማሪ ካለ፣ ከምንም በፊት ይቺን ቁጥር ይይ።

"አፌን በዳቦ አብሱ" ለማለት እማማ አንድ ሰከንድ ተኩል ወሰደባቸው። 36 ፍሬም። ዘጠኝ ፊደል ነው፤ እኩል ቢከፋፈል ለአንዱ አራት ፍሬም ይደርሰዋል። የኛ ኮድም ያደረገው ይህንኑ ነበር፤ ለሁሉም እኩል፣ እንደ ዕቁብ። የእማማ አፍ ግን እኩል አያካፍልም።

ሐረጉ ውስጥ ሦስት በ አሉ። "በዳቦ" ውስጥ ሁለት፣ "አብሱ" ውስጥ አንድ። የመጀመሪያው ላይ ከንፈራቸው ይገጥማል፣ ሁለት ሦስት ፍሬም ቆይቶ ይለቃል። እንዲያውም ገና ን ላይ እያሉ ነው መግጠም የሚጀምረው። ሁለተኛው፣ የዳቦው ቦ፣ አምስት ፍሬም ሙሉ ተዘግቶ ይቆያል። ጉንጫቸው ትንሽ ይነፋል። ያ ነው "አፍ ሞላ" ያሉት! ሦስተኛው ደግሞ ከነጭራሹ አይገጥምም። ከንፈሮቹ ይቀራረባሉ፣ ሳይነካኩ ወደ ሱ ይሄዳሉ። የኛዋ ሴትዮ ግን ሦስቱም ላይ እኩል ጥርቅም ታደርግ ነበር። ማስቲካውም እሱ ነው።

የዳቦው ቦ ይጠብቃል፣ የአብሱ ብ ይላላል። ሰባተኛ ክፍል የተማርነው ይመስለኛል፦ ይጠብቃል፣ ይላላል። ገና እና ገና፣ አለ እና አለ። ለፈተና ሸምድደን ረሳነው። ፊደላችን ድምፅ ሲጠብቅ አይጽፍም። አንባቢው ከዐውዱ ያውቀዋል ብሎ ያልፈዋል። እኛም አማርኛ አፍ የፈታንበት ስለሆነ እንደማይጻፍ እንኳ አናስተውልም። ኮምፒውተሩ ግን የሚያየው የተጻፈውን ብቻ ነው። "ሰማይ" ውስጥ ያለው ማ ላልቶ ነው፤ ከንፈር ነካ አድርጎ ይለቃል። "ሰማ" ውስጥ ያለው ማ ጠብቆ ነው፤ ገጥሞ ይቆያል። በጽሑፍ አንድ ናቸው።

የላላው በ ደግሞ ሌላ ጉድ አለው። በሁለት አናባቢዎች መሀል ሲገባ ይለሰልሳል። "አበባ" በሉና መስታወት ውስጥ እዩ። ሳትጠነቀቁ፣ እንደ ወሬ በሉት። ከንፈራችሁ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም። እንደ "አብሱ" ከተነባቢ በፊት ሲመጣም እንደዚያው ነው። መ ግን አይለሰልስም፤ ላልቶም ጠብቆም ይዘጋል።

እነዚህን አራት ሕጎች ጨመርን። ቃል መጀመሪያ ወይም ከን እና ከም ቀጥሎ ያለ በ አጭር ዝጊት። የላላ በ ግማሽ ዝጊት። የላላ መ አጭር ዝጊት። የጠበቀ ሁሉ ረጅም ዝጊት። የሚጠብቀውን በራሱ እንዲያውቅ ማድረግ ግን አልቻልንም። "አለ" ይጥበቅ ይላላ ለማወቅ ዓረፍተ ነገሩን መረዳት አለበት። ስለዚህ ጽሑፉን ራሳችን አንብበን ከሚጠብቀው ፊደል ቀጥሎ የመደመር ምልክት አደረግን። ጠቅላላ ተረቱ አንድ ገጽ አይሞላም፤ አንድ ሰዓት ፈጀ። በመጨረሻም የአፉን እንቅስቃሴ ሁሉ በሁለት ፍሬም ቀደም አደረግነው። አፍ ድምፁን ቀድሞ ነው የሚዘጋጀው፤ እኩል ከሆነ የዘገየ ይመስላል።

ሬንደር

ስለዚህ ብዙ አልልም፤ ሲታወሰኝ ያመኛል። ዲፌንሱ፣ ሥራችንን ለፈታኞች የምናቀርብበት ቀን፣ ሊደርስ አሥር ቀን ሲቀረው ዓርብ ማታ ሬንደር ጀመርን፤ ኮምፒውተሩ እያንዳንዱን ፍሬም አስልቶ የመጨረሻ ምስል ያወጣል ማለት ነው። ሁለት ደቂቃ በሰከንድ 24፣ 2880 ፍሬም ነው። ለአንዱ ሦስት ደቂቃ ይፈጃል። 144 ሰዓት፣ ማለትም ስድስት ቀን። ይበቃናል አልን። ውጤቱን በአንድ የኤምፒ ፎር ቪዲዮ ፋይል እንዲያስቀምጥ አዘዝነው። ሰኞ ማታ፣ ግማሹ፣ 1440 ፍሬም ሲያልቅ መብራት ጠፋ። መጠባበቂያ ባትሪው፣ ዩፒኤሱ፣ ጥቂት ደቂቃ ይዞ ተወው። ላቡ ውስጥ ማንም አልነበረም።

ፋይሉ አለ፣ ግን አይከፈትም። ኤምፒ ፎር የት ምን እንዳለ የሚነግረውን ማውጫ የሚጽፈው መጨረሻ ላይ ነው። መጨረሻው ካልደረሰ መጀመሪያውም የለም። ሦስት ቀን ተኩል ያላየሁት እንቅልፍ ያን ጊዜ መጣብኝ፤ ደረጃ ላይ ተቀምጬ ተኛሁ።

ሁለተኛው ዙር ላይ እያንዳንዱን ፍሬም ለብቻው ፒኤንጂ ምስል አድርገን አወጣን። መብራት ቢጠፋ የሚጠፋው አንድ ምስል ነው። ካሜራችን አብዛኛውን ጊዜ ስለማይንቀሳቀስ ግድግዳውን፣ ምድጃውንና ጀበናውን አንዴ ብቻ ሬንደር አድርገን ሴትዮዋን ከላይ ደረብናት። ከሦስት ደቂቃ ወደ ሃምሳ ሰከንድ ወረደ። ብሌንደር ውስጥ ኦቨርራይት (ያለውን ፋይል ተካ) የሚለውን አጥፍተን ፕሌስሆልደርስ (ቦታ ያዝ) የሚለውን አበራን፤ ሁለት ኮምፒውተር በአንድ ፎልደር ላይ፣ አንዱ የጀመረውን ሌላው እየዘለለ ይሠራል። በአንድ ቀን አለቀ። መብራት በመሀሉ ሁለት ጊዜ ሄዷል። ግድ አልሰጠንም።

ዲፌንሱ ሃያ ደቂቃ አልሞላም። አንዱ ፈታኝ "ይሄ የቋንቋ ትምህርት ክፍል ሥራ አይደለም ወይ?" አሉ። ጓደኛዬ 4710ን ለ8 አካፍላ ሰሌዳው ላይ አሳየቻቸው። ዝም አሉ፤ ከዚያ የራሳቸውን ስም ፊደል በፊደል አስቆጠሯት። ሠዓሊው የኛ ክፍል ተማሪ ስላልሆነ ውጭ ኮሪደር ላይ ቆሞ ነበር። ይህ እስካሁን ይከነክነኛል።

እማማ የመጨረሻውን ያዩት ልደታቸው ቀን ነው። ስለ አፏ ምንም አላሉም። "ነጠላዋን እንዲህ አይደለም የሚያጣፉት" ብለው ተነሥተው አሳዩኝ።

ኮዱን ከኛ በኋላ ለመጡት ልጆች ሰጠናቸው። እነሱ የሚሠሩት ተረት በኦሮምኛ ነው። ቁቤ የላቲን ፊደል ስለሆነ ያ በ8 የማካፈል ዘዴያችን ምንም አልፈየደላቸውም፤ ያንን ክፍል ቆርጠው ጣሉት። አናባቢና ተነባቢው ተለያይቶ ስለሚጻፍ ገበታውን እንደ አዲስ ሠሩ። የመደመር ምልክቷን ግን ሲያዩ ሳቁ። ቁቤ የሚጠብቅን ድምፅ በአብዛኛው ሁለት ጊዜ ነው የሚጽፈው። እኛ አንድ ሰዓት ቁጭ ብለን በእጃችን የለቀምነውን እነሱ ጽሑፉ ላይ ተጽፎ አገኙት።